በንዴት የተቀበልኩት ጽዋ

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ ለዓመታት እውነተኛው መልስ «መታዘን» ነበር። ቀልዴን አይደለም። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በራፌ ላይ ቁጭ ብዬ የሚያዝንልኝ ሰው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። አንዱ «እግርሽ እንዴት አደረ?» ይለኛል፤ እኔም ከእግሬ ተነስቼ በወገቤ በኩል አድርጌ እስከ ጨጓራዬ እነግረዋለሁ። ሌላው ቶሎ ቶሎ እየረገጠ ካለፈ ደግሞ «የዛሬ ሰው ርኅራኄ የለውም» ብዬ አማዋለሁ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ እኔ ቆብ ስለሌለኝ የምቀደውም የምሰፋውም በሽታዬን ነበር።

የተሰበርኩበት ምክንያት እንኳ የሚያስከብር ቢሆን ምን ነበረበት! ሉማሜ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበረኝ። አውቶቡስ ሲቆም ሻይ ቀድቼ፣ በዘይት የሚጠበሰውን ብስኩት ጠብሼ የምሸጥ፣ ምላሴም እጄም የማያርፍ ሴት ነበርኩ። አንድ የገበያ ቀን የጎረቤት ሙክት አንገቱን በመስኮት አስገብቶ የብስኩት ትሪዬን ሲያጋምስ አየሁት። ጭልፋዬን ይዤ አባረርኩት። እሱ ቦዩን ዘለለ፤ እኔ አልዘለልኩም። በቃ ታሪኩ ይኸው ነው። ኋላ ሰው «መኪና ገጭቷት ነው» ሲል ብሰማ ዝም አልኩ፣ ከሙክት መኪና ይሻላል ብዬ።

ወጌሻ አሰረኝ፣ ተኛሁ፣ ሻይ ቤቱ ተዘጋ። ባሌ ቀድሞኝ አልፏል፣ ልጅም የለኝ፤ ደብረ ማርቆስ ያለች አክስቴ ወስዳ አስታመመችኝ። እሷም ስታርፍ እዚያው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤቷ ውስጥ ቀረሁ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ኮሚቴ «ይህች መሥራት አትችልም» ብሎ ሴፍቲኔት አስገባኝ፣ ሥራ ሳይጠየቁ በየወሩ ድጋፍ ከሚያገኙት ጋር። እግዜር ይስጣቸው፣ ያ ድጋፍ ባይኖር ዛሬ ይህን የምታወራ ሴት አትኖርም ነበር። ግን እግሬ እኔን ሳያማክር ቀስ እያለ ዳነ።

መዳኑን መጀመሪያ ያወቀችው ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን ከእሷ ቤት ወሬዬን ጨርሼ ስወጣ ምርኩዜን ረስቼ ኖሯል። «ምርኩዝሽን! ኧረ ምርኩዝሽን!» እያለች ከኋላዬ ሮጠች፤ ሳትደርስብኝ ቤቴ ገባሁ። በራፌ ላይ ቆማ እያለከለከች ምርኩዙን ሰጠችኝና እግሬን አየችው፤ ከዚያ ፊቴን አየችው። እኔም አይኔን በጨው አጥቤ «ውይ፣ ዛሬስ ብሶብኛል» ብዬ ቁጭ አልኩ።

ታዲያ ለምን አልሠራሁም? ስንፍና ነው ብትሉኝ አልጣላችሁም። ስንፍና ብቻ ግን አልነበረም፤ ፈራሁ። ለረጅም ጊዜ ሳይጠይቁት የቆዩት ዘመድ ቤት መሄድ ያሳፍር የለ? ሥራም እንደዚያ ሆነብኝ። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል በቆየሁ ቁጥር የምገባበት ፊት አጣሁ።

የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ። ማኅበራችን የሴቶች ነው፤ በየወሩ በሃያ አንድ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፣ ተረኛዋ ዳቦዋንና ጠላዋን ታቀርባለች፣ አባ ይባርካሉ፣ ሲያበቃ ጽዋው በእልልታ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ጽዋውን በእጇ የተቀበለች ሴት መመለስ የላትም፤ ለእመቤታችን ቃል ሰጥታለች ማለት ነው። እግሬ የተሰበረ ዓመት ተራዬ ሲደርስ አንዷ «የእሷን እኔ አወጣላታለሁ» አለች። በዓመቱ ሌላዋ እንዲሁ አለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይናገር ልማድ ሆነና ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ይዘለኝ ጀመር። እኔም ምን ቸገረኝ! ከማንም ቀድሜ ዳቦውን እየጎረስኩ «ዳቦው ትንሽ ጨው አንሶታል» እያልኩ አስተያየት እሰጥ ነበር።

ፍልሰታ ተፈታና የነሐሴ ማርያም ደረሰች። የዚያን ዕለት አዲስ የገባች ማኅበርተኛ አጠገባችን ተቀምጣለች። ደጋሿ ጽዋውን ይዛ ተነሳች፤ ተራው የእኔ ነበር፤ እሷ ግን በጭንቅላቴ ላይ አሳልፋ ከጎኔ ላለችው ሰጠች። ጠላው ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። አዲሷ ሴት ሥርዓቱን ልትማር ፈልጋ ነው መሰለኝ «እሳቸውስ? ተራቸው አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ደጋሿ ጎንበስ ብላ፣ የታመመ ሰው በተኛበት ቤት እንደሚወራው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተያት፣ እሷ እኮ ተረጂ ናት» አለቻት።

በክፋት አልተናገረችውም። ግን እንደ እሳት ለበለበኝ። ሁሉም እንደሚያውቀውና እንደሚለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ብድግ ብዬ ጽዋውን ከጎኔ ካለችው ሴት እጅ ቀማሁ።

«ሞቻለሁ እንዴ? ተራው የእኔ ነው! የመስከረም ማርያም እኔ ቤት ናት!»

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ምላሴ መቼ ያቆማል!

«ደግሞም በላቤ ነው የማወጣው! ከመካከላችሁ ዱቄት ቋጥራ፣ ዳቦ ደፍታ የመጣች ካለች ከደጅ እመልሳታለሁ፤ ድንግል ምስክሬ ናት፣ እመልሳታለሁ!»

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። እልል የምትል ሴት ጠፋች። ኋላ አባ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ከአፍሽ ወጥቷል ልጄ፣ እመቤታችን ትርዳሽ» አሉና አሳረጉ።

ጽዋውን ቤቴ አግብቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩና አየሁት። ቤቴ ውስጥ ያለው ሁለት ዶሮ፣ አንድ የከሰል ማንደጃና አንድ ትልቅ አፍ ነው። ኧረ ምን በወጣኝ! ካልደገስኩ ቃሌን ማጠፌ ብቻ አይደለም፤ «ተረጂ ናት» የተባልኩትን ራሴ በፊርማዬ ማጽደቄ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ቀና ብዬ የምናገረውን አይሰማኝም። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንደ ልማዴ የሚሰማኝ ሰው እንዲያልፍም በሩን ከፍቼ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ ሙሴያችን መጡ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው፤ የእኛ ሙሴ የሰው ፊት አይተው የማያደሉ አሮጊት ናቸው። ገና ሳይቀመጡ ጀመሩኝ።

«ምለሻል?»

«ምያለሁ።»

«እርዳታ አልቀበልም ብለሻል?»

«ብያለሁ እማማ። ምላሴ ይቆረጥ።»

«አይቆረጥ፣ ሻይ ስትሸጪ ያስፈልግሻል። ወንፈልስ አልቀበልም ብለሻል?»

ወንፈል ገበሬው ዘንድ ያለ ወግ ነው፤ ዛሬ እኔ አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ፣ ነገ አንተ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። ስጦታ አይደለም። ጉልበት በጉልበት ይመለሳል፣ ያልመለሰ ሰው ስሙ ይጠፋል። ስለ ወንፈል አልማልኩም ነበር።

«እንግዲያው ማንም አይረዳሽም» አሉ። «ይሠሩልሻል፣ ትሠሪላቸዋለሽ። እምቢ ካልሽ ጽዋውን አሁኑኑ ይዤው ልሂድ።»

ጽዋውን አቀፍኩት።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዳረሰ። አንዷ በአህያዋ እንጨት አመጣች፤ ሌላዋ ከባሏ ጋር ባጃጅ ተራው አጠገብ ቋሚ ተክላ ለሻይ መሸጫ ሸራ ወጠረችልኝ፤ ጎረቤቴ፣ ያቺ ምርኩዜን ይዛ የሮጠችው፣ ብቅሉን አብራኝ አበቀለች፣ ጌሾውን ወቀጠች። ዶሮዎቼን ሸጬ ዱቄትና ዘይት ገዛሁ። ሻይ ቤት ሆነልኝ ብዬ እንደ ሙሽራ ስሽሞነሞን ወንፈል የሚመለስ ነገር መሆኑን ዘንግቼዋለሁ። እነሱ አልዘነጉትም።

ከመካከላችን አንዷ አምበር አጠገብ የስንዴ ማሳ አላት፤ ለአረም ተጠራሁ። እኔ ሉማሜ መንገድ ዳር ተወልጄ ስንዴን የማውቀው በዱቄትነቱ ነው። «እንክርዳዱን ንቀይ» አሉኝ፤ ነቀልኩ። ሴቶቹን ሁሉ ቀድሜ ስሄድ ኮራሁ። «አያችሁ፣ ጉልበትስ እኔ ዘንድ ነው!» ብዬም ጮኼ ነበር፣ አፌ አያርፍ። ባለማሳዋ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«እቴ» አለች፣ «እንክርዳዱን ትተሽ ስንዴውን እኮ ነው የነቀልሽው።»

ዘወር ብዬ ባይ በእኔ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመው እንክርዳድ ብቻ ነው። ሴቶቹ ሳቁ። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጨምረው ሳቁ። መጀመሪያ ልቆጣ ነበር፤ ግን ሰው እንዲህ የሳቀብኝ መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። ያዘኑለት ሰው ላይ አይሳቅም። ለካ ለዓመታት ሁሉም እኔ ዘንድ ሲደርስ ፊቱን እያጠቆረ ነበር የሚያልፈው። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴን እስኪያመኝ። «አንቺስ ሻይ አፍይልን፣ ወንፈሉ ይያዝልሻል» ተባልኩና ማሳው ዳር ሦስት ጉልቻ ጎልቼ ሻዬን አፈላሁ። ያቺ ምስኪን ስንዴ ግን እስካሁን ታሳዝነኛለች።

ባጃጅ ተራው ደግሞ ሌላ ውርደት ነው። የማርቆስን የነሐሴ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሊጡ አልነሳ አለኝ። ጋቢ ደረብኩለት፣ እምቢ አለ። አቅፌው ተኛሁ፤ ባሌን እንኳ እንደዚያ አላቀፍኩትም። ጠዋት ጠበስኩት። አንድ የባጃጅ ሾፌር ነከስ አደረገና አገላብጦ አየው።

«እትዬ፣ ይቺን ልውሰዳት? ዳገት ላይ ስቆም ጎማ ሥር አደርጋታለሁ።»

ማኅበርተኞቼ ግን በየቀኑ እየመጡ «ይጣፍጣል! ሲጣፍጥ!» ይሉኛል። እጄ ያዘው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ አንድ ቀን አንዷ ብስኩቱን ቀስ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ስትሸሽገው አየኋት። የሌላዋንም ዞር ብዬ ሳይ እንዲሁ ነው። ደሜ ፈላ።

«ምጽዋት ከሆነ ሂዱና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስጡ!» ብዬ ሁሉንም ከሸራዬ ሥር አስወጣኋቸው። ሲሄዱ ነው ከእነሱ ሌላ ደንበኛ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። ሙሴ ብቻ አልተነሱም። በቀሯቸው ጥርሶች ያችን ብስኩት እየታገሉ ነው።

«እርስዎም ይሂዱ እማማ፣ አይዘኑልኝ።»

«ማን አዘነልሽ?» አሉ። «ብስኩትሽ አይበላም። ነገ አሻሽለሽ ሥሪ። ነገም እንዲህ ከሆነ እነግርሻለሁ።»

የቀረውን ሳህኑ ላይ መልሰው ሄዱ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቶ ግን ተስፋ ሳይቆርጡብኝ የተናገሩኝ እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ገባኝና ሮጬ ልስማቸው ቃጣኝ። በማግስቱ ሊጡን ማንደጃው አጠገብ አሳደርኩት። ከማግስቱ ወዲያ ደግሞ እጄ የድሮውን እያስታወሰ መጣ። መስከረም ሲጠባ፣ ተማሪም ትምህርት ቤት ሲገባ ትሪው ከሰዓት በፊት ማለቅ ጀመረ። ያ የባጃጅ ሾፌርም ለጎማው ሳይሆን ለሆዱ ይወስድ ጀመር።

የከበደኝ ብስኩቱ አልነበረም። ሴፍቲኔት የምትከታተል የቀበሌ ሠራተኛ አለች፣ ልጄ የምትሆን። እንደምሠራ ካየች ድጋፉ ይቆማል፤ ድጋፉ ቆሞ ሻይ ቤቱ ከወደቀ ደግሞ ሁለቱንም ማጣቴ ነው። ይህን ሳሰላስል አንድ ጠዋት ከባጃጅ ስትወርድ አየኋት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ያ ሁሉ ሰውነት ጠረጴዛ ሥር! መጥታ ተቀመጠች።

«የሻይ ቤቱ ባለቤት የሉም እንዴ?» አለች።

«አሉ» አለ ሾፌሩ፣ እግዜር ይይለትና፣ «ከጠረጴዛው ሥር ናቸው።»

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ካለው ማንደጃ ማንቆርቆሪያው ገንፍሎ በስንጥቁ አናቴ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ወጣሁ።

«እትዬ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ማንኪያ» አልኩ። ማንኪያው እጄ ላይ ነው።

ሳቋን ዋጠችና አስቀመጠችኝ። መሥራቴን ቀድማ እንደሰማች፣ ደስ እንዳላት ነገረችኝ። ራሱን የቻለ ሰው ከድጋፉ ይወጣል፣ መውጣቱንም መመረቅ እንለዋለን አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፣ ከየት አምጥቼ ነው የምመረቀው?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀልዴን ትቼ «ብወድቅስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አይወድቁም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም» አለችኝ። «ያስቡበትና መጥተው ይንገሩኝ።»

ያን ዕለት ሻዩን ሁለቴ ስኳር ጨመርኩበት፣ ለአንዱ ደግሞ ጨርሶ ረሳሁት። ወደ ማታ ሙሴ ዘንድ ሄጄ ፍርሃቴን ዘረገፍኩላቸው። አዳምጠው አዳምጠው ሲበቃቸው «መሬት ላይ ያለ ሰው ወዴት ይወድቃል?» አሉኝ። ደግሞም «ይልቅ ማኅበር ያለሽ አይመስልሽም?» አሉ። ይህችኛዋን ሲሉ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

በማግስቱ ወደ ቀበሌ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመለስኩ፤ ማንደጃውን አጥፍቻለሁ ወይ ብዬ ነው፤ ገና አልለኮስኩትም ነበር። እንደገና ወጣሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ እግሬ በልማዱ ማነከስ ጀመረ። «አንተ! ዛሬ እንኳ?» ብዬ ተቆጣሁትና ገባሁ። «አውጡኝ» አልኳት ልጅቷን፣ «በቃኝ፣ ለሌላ ስጡት።» ተነስታ ሁለት እጄን ያዘችኝ።

የመስከረም ማርያም ደረሰች። ጠላዬ ደህና ወጣ። ድፎው መሐሉ ተሰንጥቋል፣ በብስኩት ክምር ሸፍኜዋለሁ። ቤቴ ጠባብ ስለሆነች ሴቶቹ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፦ «ይኸው ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፣ ፈትሺኝ!» አዲሷም ማኅበርተኛ ነጠላዋን አራግፋ ገባች፤ ስለ መሐላዬ ነግረዋት ኖሯል። አባ ባረኩ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨዋወትን። ስቀዳ ዋልኩ። «ድገሙ እንጂ! ምነው፣ አልጣፈጣችሁም?» እያልኩ ሰው አሰለቸሁ።

በመጨረሻ ጽዋውን ይዤ ለተረኛዋ ላስረክብ ተነሳሁ። ተረኛዋ እጇን ዘረጋች። እልልታው ቀለጠ። እኔ አልለቅም አልኩ።

«ስጪኝ እንጂ» አለች ቀስ ብላ።

«ይኸው» አልኩ። ግን እጄ አልተፈታም። እሷ ትስባለች፣ እኔ እይዛለሁ። እልልታው ተቋረጠና ሳቅ ሆነ። «ኧረ ጉድ! ሴትዮዋ ልታስቀረው ነው!» አለች አንዷ። ደጋግመው ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ መስሎኝ ነበር፤ እንባዬ ጽዋው ላይ ሲወርድ ነው ያወቅሁት። ሙሴ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ መጥተውም እጄን በእጃቸው ያዙ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እማማ፣ ከሰጠሁት ነገ እንደገና ትዘሉኛላችሁ።»

ሳቁ ቆመ። «ተረጂ ናት» ያለችው ያቺ የነሐሴ ደጋሽ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ሙሴ ግን አላለቀሱም፤ እንደ ልማዳቸው ተቆጡኝ።

«እስቲ ዝም በይ! ተራሽ ሲደርስ ‹አሞኛል› ብትይም አንዘልሽም። እግርሽ ቢሰበርም ተሸክመን እናስደግስሻለን። አሁን ልቀቂ፣ ሰው ቆሟል።»

ለቀቅሁ።